የተሰጠውና የተጨመረው

ከጊምቢ አልፎ ወደ ነጆ በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው በቢላ ከተማ፣ በእኅቴ ግቢ ውስጥ፣ ጎሕ ሲቀድ ከዶሮ ጩኸት ቀጥሎ ይሰማ የነበረው ድምፅ፣ ካለፈው መስከረም እስከ ጥር ድረስ፣ የአንዲት የጃፓን ሴት ድምፅ ነበረ። የእኅቴ ልጅ ከቡና ንግድ ያጠራቀማትን ጥሪት አሟጥጦ፣ የጎደለውንም ከዘመድ ተበድሮ፣ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣት ያገለገለች ቪትስ መኪና ሞተሯ በተነሣ ቍጥር፣ ያች ሴት ከክሩስኮቱ ሥር ሆና በለዘበና በታረመ አንደበት አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግራ ዝም ትላለች። የምትለውን የሚያውቅ በቢላ አልነበረም። እኅቴ ግን ለሰላምታ አስተርጓሚ የሚያሻት ሴት አይደለችምና፣ ጋቢዋን ተከናንባ ከደጃፉ ብቅ እያለች በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ «ነጋ ቡልቴ?» ትላት ነበር፤ በሰላም አደርሽ ወይ ማለቷ ነው።

ኋላ አንድ ተማሪ ድምፁን በስልኩ ቀድቶ ቢያስተረጕመው፣ ሴቲቱ የምትለው «የኢ.ቲ.ሲ. ካርድ አልገባም» ሆኖ ተገኘ። በጃፓን አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው የመንገዱን ቀረጥ የሚከፍለው በመኪናው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሣጥን ካርድ አስገብቶ ነው፤ ካርዱ ከገባ የኬላው መዝጊያ በራሱ ይነሣለታል፤ ካልገባ ግን ሣጥኒቱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ታሳስበዋለች። እንግዲህ እኅቴ የንጋት ሰላምታ ነው ብላ አጸፋ ስትመልስለት የከረመችው ነገር፣ በቢላና በነጆ መካከል ላልተሠራ ኬላ ከባሕር ማዶ የቀረበ የቀረጥ ጥያቄ ነበረ። ይህ በተነገራት ጊዜ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ይሁን፤ አነጋገሯ ግን የጨዋ ልጅ ነው» አለች፤ ሰላምታዋንም አልተወችም።

ልጁ ግን በጓደኞቹ ፊት አፈረበት። በጥር ወር ነቀምቴ ድረስ መጥቶ፣ በአገሩ ልማድ የእናትን ወንድም እንደሚጠሩት «ኤሱማ» ብሎ አስቀድሞ እጄን ከሳመ በኋላ፣ «የመኪናይቱን ቴፕ ላስቀይረው ወይስ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይቅር?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ፊደል የቆጠርሁ፣ በጕልምስናዬም በመምህርነት ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ ስለ መኪና ቴፕ ምክር ስጠየቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበረ። መልሱን ግን እስከ ማግስቱ አሳደርሁት፤ ምክንያቱም ጥያቄው በመልኩ የገበያ ጥያቄ ቢሆንም፣ በባሕርዩ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩት ያ አሮጌ ጥያቄ መሆኑን ስላየሁ ነው፤ ይኸውም ሠሪው ፈጽሞ ሠራሁት ባለው ነገር ላይ ተቀባዩ አንዳች ቢጨምርበት፣ ጭማሪው ሠሪውን መንቀፍ ነው ወይስ ማገልገል?

በዘመናችን ገበያ «ኦርጅናል» የምትባለው ቃል ያገኘችው ክብር፣ ቀድሞ «ንጹሕ» ወይም «ድንግል» የሚሉት ቃላት ከነበራቸው ክብር የሚያንስ አይመስለኝም። ደላላው መኪና ሲያሻሽጥ ቀለሟ ያልተነካ፣ ሞተሯ ያልተፈታ፣ ሽቦዋ ያልተቈረጠ፣ ቴፗም ከፋብሪካ የመጣው መሆኑን እየማለ ይዘረዝራል፤ ገዢውም ይህን ሁሉ ሰምቶ ዋጋ ይጨምራል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሳይታወቅ የገባ አንድ ዓይነት ሃይማኖት አለ፤ እርሱም ሠሪው ከተጠቃሚው ይልቅ ያውቃል፣ ስለዚህም በሥራው ላይ መጨመር ማጕደል ነው የሚል ነው። ይህ ሃይማኖት ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። የፋብሪካው መሐንዲስ የበሩን ቆርቆሮ ስፋትና ውፍረት ያውቃል፤ መስተዋቱ ድምፅን እንዴት መልሶ እንደሚወረውር፣ የወንበሩ ልብስ እንዴት እንደሚውጠው በመሣሪያ ለክቷል፤ ስፒከሩ ተራ ወረቀት ቢሆንም እንኳ ለዚያ በርና ለዚያ ሽቦ የተመጠነ ወረቀት ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው በወርቅ ቀለም ያጌጠ ስፒከር ከዚያ በር ውስጥ ሲገባ፣ ሰፊ ጫማ እንዳደረገ ሰው እየተንገዳገደ የሚጮኽበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገር ግን ሠሪው የሠራው ለማን ጆሮ ነው? በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ለረጅም ዘመን የተወሰነው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ እኛ እንደ አብዛኛው ዓለም ከ87.5 እስከ 108 ባለው እንጠቀማለን። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚመላለሱት ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 የተባሉት ሁሉ ከዚያች ሬድዮ ጣሪያ በላይ የሚያልፉ ድምፆች ናቸው። አየሩ በሰው ንግግርና በዜማ ተሞልቶ ሳለ፣ ሬድዮዋ ያልተነካችና ኦርጅናል እንደ ሆነች፣ ቍጥሯን ከዳር እስከ ዳር ቢያዞሯት እንደ ዝናብ ከሚንሿሿ ባዶ ድምፅ በቀር የምትሰጠው የላትም። በዚህም ላይ አንዳንዶቹ የጃፓን ቴፖች የመኪናው ባትሪ ተነቅሎ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ስክሪናቸው በጃፓን ፊደል አንድ ትእዛዝ ጽፎ ይቈለፋል፤ የካርታቸው ካርድ ወይም የምስጢር ቍጥራቸው ካልተገኘ በቀር እንደ ተቈለፉ ይኖራሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በማይታወቅ ልሳን ስለሚናገር ሰው ሲጽፍ፣ ሰሚው ካልተረዳው ለነፋስ እንደ ተናገረ ይቈጠራል ያለውን አሳብ፣ ሊቃውንቱ በብዙ መንገድ ተርጕመውታል፤ በቪትስ ውስጥ ተቀምጦ ያነበበው መተርጕም ግን ያለ አይመስለኝም።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመቀበያ ሽቦውና ሬድዮው በሚገናኙበት መካከል የምትሰካ፣ ባንድ ኤክስፓንደር የሚሏት የአውራ ጣት ያህል ዕቃ ነች፤ ከአየር የመጣውን ሞገድ ተቀብላ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርጋ ለሬድዮው ታቀርበዋለች፤ 102.1 የነበረው 82.1 ላይ ይሰማል፤ ከ96 በታች ያለው ግን ከወለሉ በታች ስለሚወድቅ ይቀራል። አስተርጓሚ ማለት ይህች ነች፤ እንደ አስተርጓሚ ሁሉ የምትረዳውን ታደርሳለች፣ የማትረዳውን ትውጣለች። ሁለተኛው መድኃኒት ኦርጅናሉን ነቅሎ በአገሩ አየር የሚሰማ ሌላ ቴፕ መትከል ነው።

ወደ አሮጌው ጥያቄ ስመለስ፣ የመጀመሪያው ሰው በገነት ሲቀመጥ ያርሳትና ይጠብቃት ዘንድ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ እንግዲህ ሠናይ ነው የተባለው ፍጥረት እንኳ ገበሬ ነበረው። ወለጋ ደግሞ ይህን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ በምድጃ ዳር ታውቀዋለች። የዓለም ነጋዴ «ለቀምቴ» ብሎ የሚጠራው ቡናችን ከዛፉ ሲለቀም ቀይ ፍሬ ነው፤ ይህ ተውህቦ ነው፣ ማንም አልጨመረበትም። እናቶቻችን ግን ፍሬውን በቅቤ አብስለው ቡና ቀላ የሚሉትን ሲያዘጋጁ፣ ሽማግሌውም ያንን ይዞ ሲመርቅበት፣ ፈጣሪን ሥራህ ጎደሎ ነው ማለታቸው አይደለም። የተሰጠው በተቀባዩ እጅ አልፎ ወደ ሰጪው በምስጋና ሲመለስ፣ መንገዱ በምድጃው በኩል ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ቢላ የቦጂ አገር ናትና፣ ያን ሌሊት አሳቤ ከመኪናይቱ ወጥቶ ወደ ቦጂ ታሪክ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የተባለ ካህን ከኤርትራ ምድር ተነሥቶ ቦጂ ደረሰ፤ በዚያም ሕዝቡን በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ እያስተማረ ኖሮ በ1905 በእሳት አደጋ ሞተ። በ1904 ደግሞ ወደ ወለጋ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጣ። ይህ ሰው ሒካ ተብሎ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተፈንግሎ ለባርነት ከተሸጠ በኋላ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ በ1872 የተጠመቀ፣ ከዚያም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የቋንቋውን መዝገብ ከልቧ እያወጣች ስታቀብለው፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በኦሮምኛ ቋንቋ፣ በግእዝ ፊደል አሳትሞ ያወጣ ነው። ካህናቱ ከሰሱት፤ በ1906 እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ ፈቃድ ያገኘው ከዐሥር ዓመት በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው፤ በነቀምቴ ተቀምጦ ሲያስተምር ኖሮ በ1931 በዚያው አረፈ። ክሱ ብዙ ነገር ያዘለ ነበረና ሁሉን በአንድ ቃል መፍረድ አይገባም። ከክሱ ሥር የነበረው ድንጋጤ ግን ለእኔ የደላላውን ድንጋጤ ይመስለኛል፤ ያልተነካው ተነካ የሚል ድንጋጤ። በግእዝ የተሰጠን በግእዝ ይቅር ሲባል፣ ግእዙ ራሱ ከጽርዕ የተመለሰ መሆኑ፣ የመለሱትም ከባሕር ማዶ የመጡ መነኮሳት ናቸው ተብሎ በራሳችን ቤተ ክርስቲያን መተረኩ ተረሳ። ኦርጅናል የምንለው ብዙው ነገር፣ ወደ ኋላ ተጕዘው ቢመረምሩት፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው የለወጠው ቴፕ ነው።

ስለዚህ በማግስቱ «ቀይረው» አልሁት።

ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ አብሬው ሄድሁ። ባለሙያው ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ነው፤ ስፋቱ ከመጽሐፍ ገጽ የማይበልጥ የፕላስቲክ ክፈፍ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቆ ሲያወጣው፣ ከኋላው የሽቦ ጥምጥም እንደ ዶሮ አንጀት ዘረገፈ። የመኪና ሙያችን ቋንቋ የተቀበለው ከጣሊያን ነውና፣ ልጁ ጣሊያንኛ ሳያውቅ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ባልቦላ እያለ ሲጣራ፣ ለረዳቱ በኦሮምኛ ሲያዝ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲነጋገር፣ መኪናይቱም ቍልፉ ሲዞር ጃፓንኛ ስትመልስለት፣ በዚያች ሁለት በሦስት ሜትር በሆነች ሱቅ ውስጥ የሰናዖር ግንብ ቢሠራ ኖሮ ምናልባት ይፈጸም ነበር፤ ማንም ከማንም ጋር አልተጣላምና። ከአዲሱ ቴፕ ጀርባ የወጡትን ሽቦዎች ለየ፤ ቢጫው ዘወትር ከባትሪው የሚመጣው፣ ቀዩ ቍልፍ ሲዞር ብቻ የሚነቃው፣ ጥቍሩ ወደ መኪናይቱ አካል የሚወርደው ነው። ከዚያም የኦርጅናሉን ሽቦ ሊቈርጥ ፒንሳውን አነሣ።

«ሳይቈረጥ አይሆንም ወይ?» አልሁት።

«ሶኬት አለው፣ ጋሼ፤ ግን ዋጋ ይጨምራል» አለ።

ዋጋውን ጨምረን በሶኬት አስገጠምነው። የአንድምታ መምህራን የሚሠሩትም እንዲህ ነው፤ ንባቡን አይሠርዙትም፣ ከንባቡ ቀጥለው «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን ይሰኩበታል እንጂ፤ ትርጓሜው የማይስማማው ቢኖር ትርጓሜውን ይነቅላል፣ ንባቡ እንደ ነበረ ይገኛል። በናስትሮ ተጠቅልሎ የተተወ ቍርጥ ሽቦ ግን ለሚመጣው ባለቤት የሚተርፈው ጭስ ነው። ቀረጥ የምትጠይቀውን ሣጥንም ልጁ «አትጠቅምም» ብሎ ነቅሎ በፌስታል ሰጠን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበረ። ባለሙያው ግን የእኅቴን ልጅ ዓይን ተመለከተና «ባስ አታስገባም እንዴ?» አለው፤ ሊያሳየንም ወደ ራሱ መኪና ወሰደን። ከኋላ፣ ዕቃ ከሚጫንበት ስፍራ፣ በምንጣፍ የተለበጠ የሣንቃ ሣጥን አለ፤ በውስጡ ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፒከር፣ ከጎኑም ድምፅ ማጕያው። በከፈተው ጊዜ መስተዋቱ ውስጥ ያየሁት ፊቴ ተንቀጠቀጠ፤ ከማዶ ባለች ሱቅ በር ላይ የተሰቀሉ ኩባያዎችም እርስ በርሳቸው ተጨባበጡ። የእኅቴ ልጅ በደስታ ሳቀ። እኔ ከመጀመሪያው ጥያቄ የተለየ ሌላ ጥያቄ ፊቴ መቆሙን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ከፋብሪካ የመጣውና ኋላ የተጨመረው በሚለው መለየት ብቻ እስከ ዚያ ድረስ ተጕዤ ነበር፤ ለካስ ጭማሪ ራሱ ሁለት ወገን ነው፤ ለባለቤቱ ጆሮ የሚጨምር አለ፣ አፍ የሚጨምርም አለ። ቴፑን ስንለውጥ መኪናይቱ ትሰማው ያልነበረውን እንድትሰማ አደረግን፤ ባሱ ግን የሚሰማ ነገር አያመጣም፣ እነሆ መጣሁ ይላል እንጂ።

አፉም ቢሆን ደካማ አፍ ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ስለሚሆን የጭቃ ግድግዳ አያግደውም፤ ቃሉን የሚሸከመው ቀጭኑ ድምፅ ግን በመኪናው መስተዋትና በቤቱ ግድግዳ ተጣርቶ ይቀራል። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ዘፈኑን ይሰማል፤ በአልጋው ላይ ላለው ሕመምተኛ፣ ለአራስ እናት፣ ለተማሪው የሚደርሰው ግን ቃልና ዜማ የተለየው ጕምጕምታ ብቻ ነው፤ ስንዴውን ለራሱ አስቀርቶ ገለባውን በጎረቤት ግቢ እንደሚደፋ ሰው ማለት ነው። የምኞቱ ሒሳብ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ ቴፕ፣ ፊቱ ላይ 50 ዋት የሚል ቢጻፍበትም፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር በእውነት የሚሰጠው 20 ዋት ባይደርስ ነው፤ ድምፁ ለሰው ጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ይሆን ዘንድ ግድ ነው፤ ያን እጥፍ ደግሞ ዳግመኛ ለማጠፍ መቶ እጥፍ ይሻል። ጆሮ እንዲህ ሆኖ የተፈጠረው፣ የነፍሳትን ድምፅና የመብረቅን ድምፅ በአንድ ዕቃ ይችል ዘንድ ነው፤ ከጥቂቱ ላይ ብዙ ይቀበላል፣ ከብዙው ላይ ጥቂት። ፈጣሪ በጆሯችን ውስጥ ያኖረውን ይህን ምጣኔ ለማሸነፍ የሚነሣ ሰው፣ ባትሪውን ይጨርሳል እንጂ አያሸንፈውም።

ሕግ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ቈጥሮታል፤ በመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል የሚል ልክም ወጥቷል። ይህን ልክ በከተሞቻችን የሚጥሱት ወጣቶች በመኪናቸው ብቻ ናቸው ብል ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ። በየቅጽሩ ጫፍ ላይ የተሰቀሉትን የድምፅ ማጕያ ቀንዶች፣ የእኛውንም የሌላውንም፣ ማን አያውቅም? ለሌሊቱ ጸሎት ያልተነሣውን ሰው በግድ ጸሎተኛ ለማድረግ የምንደክመው ድካም፣ ከዚያ ልጅ ባስ በምን እንደሚለይ እኔ ለማስረዳት ብዙ እቸገራለሁ። ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ነፋሱ፣ መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ መጐናጸፊያውን በፊቱ ላይ ያደረገው ለትንሿ ድምፅ ነው። ቅዱስ ያሬድም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በማኅሌታዩ እግር ላይ ተክሎ ሳያውቀው ቆመ፣ ማኅሌታዩም ሳይሰማው አዜመ ተብሎ የሚተረከው ታሪክ፣ ልብ ብለው ሲያዩት የጉሮሮ ታሪክ አይደለም፤ የጆሮ ታሪክ ነው። ሊቃውንት እዝነ ልቡና የሚሉትን ጆሮ ለማንቃት የቀረበው ኃይል አንድ የሰው ትንፋሽ ነበረ፤ ደምም አስረሳ።

በወለጋ ስለ ጆሮ ሲነገር ግን ዜማ ብቻ ማለት እንዳልሆነ የሚያስታውሰኝ ሌላ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራቡ ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ ልጅ ለአባቱ በሕይወት አለሁ ማለት ያልቻለበት ወራት ነበረ። በዚያ ወቅት በቢላ አንድ ሰው ምሽት ላይ አሮጌ ፒክ አፑን ከደጁ አቁሞ በሩን ከፍቶ ይተወው ነበር። የሬድዮውን ድምፅ አያጮኸውም፤ ጎረቤቶቹ እየመጡ፣ አንዳንዱ በበርጩማ፣ አንዳንዱ ቁጢጥ ብሎ፣ ወደ በሩ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ዜናው እኛን በስም የሚጠራ ሆኖ አይደለም፤ ዓለም አለች ወይ የሚለውን ለማረጋገጥ ነው። የአባቴም ትውልድ እንዲሁ በባትሪ በሚሠራ ሬድዮ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን የብሥራተ ወንጌልን ሬድዮ ያዳምጥ ነበር፤ ኋላ ደርግ ጣቢያውን ሲወርሰው፣ በዚያው ማሠራጫ ላይ የአብዮቱ ድምፅ ተተካበት። አፍ ምን ያህል በቀላሉ ጌታ እንደሚለውጥ ከዚህ ይታወቃል። አባቴ ግን ጆሮውን ይዞት ቀረ።

አሁን ደግሞ የምንጨምርበት ዘመን ራሱ ሊያልፍ የቀረበ ይመስላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከቻይና የመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአዲስ አበባ መንገድ በዝተዋል። በአንዲቱ ተሳፍሬ ነበር። ቴፕ የሚባል ነገር ለብቻው የላትም፤ አንድ ሰፊ ስክሪን ዜማውንም፣ ነፋሱንም፣ የኋላውን ካሜራም ይገዛል፤ ጽሑፉም ከፊሉ ቻይንኛ ነው። በቪትሲቱ ውስጥ ቴፑ እንደ ተከራይ ተቀምጦ ነበር፤ በዚህች ውስጥ ግን እንደ ነፍስና ሥጋ ነው፤ አውጣው ቢሉት መኪናይቱ ትታመማለች። ሾፌሩን «ብትቀይረውስ?» ብለው «አባባ፣ የሚቀየረው እኔ ነኝ፤ ቻይንኛውን እየለመድሁት ነው» አለኝ። ተቀባዩ እጁን የማያስገባበት ስጦታ ለእኔ ስጦታነቱ ይጎድልብኛል፤ ብድር ይመስለኛል።

ከነቀምቴ ወደ ቢላ አብረን ስንመለስ፣ የእኅቴ ልጅ አዲሱን ቴፕ ከፍቶ አንድ ጣቢያ አገኘ፤ የሚናገረውም በኦሮምኛ ስለ ቡና ዋጋ ነበረ። ፊቱ በራ። ወደ ደዴሳ ሸለቆ እየወረድን ሙቀቱ ሲበረታ፣ የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ስለማይዞር ድምፁ በየመታጠፊያው እየተበጣጠሰ ሄዶ፣ ከድልድዩ ሳንደርስ ጠፋ። ልጁ ፍላሽ ሊሰካ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ምንም ሳልለው እጁን ወደ መሪው መለሰው። ውሃውን በመስኮት እየሰማን ድልድዩን ተሻገርን። ይህን እንደ ምክሬ ፍሬ ቈጥሬው ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ከወንበሩ ሥር የምትገባ ትንሽ ባስ ማስገጠሙን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ስጠይቀው «ኤሱማ፣ ትንሽ ናት» አለኝ።

ለትንሣኤ ቢላ ወርጄ በእኅቴ ቤት አደርሁ። ሲነጋጋ ልጁ ሞተሩን አስነሣ። ስክሪኑ የመኪናይቱን ዓርማ አሳይቶ በራ፤ የተናገረ የለም። እኅቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከደጃፉ ብቅ አለችና፣ እንደ ልማዷ ሰላምታዋን አቀረበች፤ ጆሮዋንም ወደ መኪናይቱ ዘንበል አድርጋ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዝም አለች እኮ» አለችኝ፤ «ካርዱን አገኛችሁላት ማለት ነው?»